ካባ ለባሹ ሰላምታ ነሳኝ

ጌሙን ልሸጥ ወልድያ የሄድኩ ቀን አጎቴ አብዱልሐሊም ትዳሬን ሊያፈርሱልኝ የባሌ እናት ወደሚኖሩበት ወደ ግራና ሄደው ነበር። ሁለቱን ባንድ ቀን ያደረግሁት አውቄ ነው። አንዱን ዛሬ አንዱን ነገ ካልኩ ልቤ መሃል ላይ ይከዳኛል ብዬ ፈራሁ። ደግሞም ደክሞኛል። ሲደክመኝ ነገር ማሰላሰል አልወድም፤ ይለቅልኝና ልተኛ ነው የምለው።

ስሜ ለይላ ነው። መርሳ ዋናው መንገድ ዳር ካለ መድኃኒት ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ የሰው ሳል ስሰማ፣ የሰው ጨጓራ ሲተነተንልኝ እውላለሁ። ሥራ ስጨርስ እግሬ ከማበጡ የተነሳ ጫማዬ በልመና ነው የሚወልቀው። ባሌ ዛኪር ጅዳ ነው፤ የአንድ ሀብታም ቤተሰብ ሹፌር። ኒካህ ካሰርን በኋላ አብረን የኖርነው አንድ ክረምት እንኳ አይሞላም። ከዚያ ሄደ። «ለዒድ እመጣለሁ» ይላል፤ ዒዱ ይመጣል፣ እሱ ይቀራል።

ዛኪር የስልክ ሰው አይደለም። ፊት ለፊት ሲሆን በሳቅ ያስለቅሳል፤ ስልክ ሲይዝ ግን አንደበቱ ይታሰራል። «ደህና ነሽ? ቤት ደህና? እማ ደህና ናት?» ይልና ዝም ይላል። እኔም ዝም እላለሁ። ዝምታ ለመስማት ካርድ የምንሞላ እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ይህን እሱም ያውቀዋል መሰለኝ፣ አንድ ቀን ለዕረፍት ከሚመጣ ሰው ጋር ይህን የእጅ ጌም ላከልኝ። አንድ ለእኔ፣ አምሳያውን ለራሱ አስቀርቶ። ሌላው ሚስቱን ወርቅ ሲያለብስ የኔው ጌም ላከ። ጎረቤቶቼ ሲያዩት «ለልጅ ነው?» አሉኝ። ልጅ የለን፣ ምን ብዬ ልመልስ?

ወደ ወልድያ ስንሄድ ኬላ ላይ ወርደን ተፈተሽን። ፈታሹ ጌሙን ከቦርሳዬ አውጥቶ አገላብጦ አየውና «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። «ትዳሬ ነው» ልለው ምንም አልቀረኝም። መጫወቻ ነው አልኩት፤ መለሰልኝ። ሲሪንቃን አልፈን የምርምር ጣቢያው ማሽላ በየመደቡ ታርጋ ተሰክቶለት ቆሞ ሳይ፣ እዚህ ማሽላው እንኳ ስሙ ተጽፎለት የሚጠብቀው ሰው አለው ብዬ ተናደድኩ። ያን ቀን የማያናድደኝ ነገር አልነበረም።

ወልድያ መነኸሪያው አካባቢ ዓሪፍ የሚባል ያገለገሉ ስልኮችንና ጌሞችን የሚገዛና የሚሸጥ ሰው አለ። ጠና ያለ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መልሶ የሚፈልግ ሰው ነው። ጌሙን ተቀበለኝና በመዳፉ እየመዘነ ጥያቄ አቀረበልኝ።

«ጥሩ ጎኑን ንገሪኝ፣ ድክመቱንም እንዳትደብቂኝ። ገዢ ሲመጣ የሚያደርቀኝ እኔን ነው።»

ንገሪኝ ካለማ ነገርኩት።

ሰማይ ላይ የሚበሩ፣ ሕንፃ በአንድ እጅ የሚያነሱ ጀግኖች አንድ ለአንድ የሚደባደቡበት ጌም ነው። ጥሩው ነገር መጀመሪያ ባትሪው ነው፤ መርሳ ላይ መብራት ሲጠፋ እሱ አብሮ አይጠፋም። ሁለተኛ፣ ቡጢው እጅ ላይ ይሰማል። ሰው ስትመታም ሰው ሲመታህም ዕቃው መዳፍህ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ ከጅዳ የተሰነዘረ ቡጢ መርሳ ሲደርስ እንዲህ ነው። ሦስተኛ፣ ንግግር የለውም። ለእኔና ለዛኪር ከዚህ የተሻለ ነገር አልተፈጠረም። እሱ ጌታው የከሰዓቱን የዐስር ሶላት ሰግደው ጋደም ሲሉ፣ እኔ ደንበኛ ሳሳ ሲልልኝ፣ በእኩል ሰዓት እንከፍተውና በኢንተርኔት ተገናኝተን እንደባደባለን። እኔ ሹሩባዋን እንደ ጅራፍ የምታወናጭፈዋን ሴት እይዛለሁ። እሱ ሁልጊዜ ካባ ለባሹን ሽማግሌ ነው። ካባው ነጭ ነው፤ ጋቢ ይመስላል። «አብዱልሐሊምን ስለሚመስል ነው የመረጥኩት» አለኝ አንዴ በስልክ። እውነቱን ነው፣ ቁርጥ አጎቴን ነው፤ አጎቴ አይበሩም እንጂ።

«ድክመቱስ?» አለ ዓሪፍ።

ድክመቱ ብዙ ነው። ፊደሎቹ የጉንዳን እግር ያህላሉ። አንዷን ቁልፍ ዝም ብሎ የቀጠቀጠ ሰው ዕውቀት ያለውን ያሸንፋል። ታሪኩም ታሪክ አይደለም፤ ጀግኖቹ ሲደባደቡ ከተማው ይፈርሳል፣ በሚቀጥለው ዙር ግን ከተማው እንደነበረ ቆሞ ይገኛል። ማን ሠራው? በምን ሲሚንቶ? እኛ የፈረሰ ነገር እንደፈረሰ ሲቀር አይተናል፤ ይህ ይህ ያናድደኛል።

ዓሪፍ ሳቀ። ያልነገርኩት ሌላ ድክመት ነበር፤ እሱን ግን የጌሙ ሳይሆን የባሌ ነው ብዬ ዋጥኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዛኪር ጋር መጀመሪያ የተጫወትን ቀን፣ ፍልሚያው ተጀምሮ እኔ ሹሩባዬን ላወናጭፍ ስል፣ ካባ ለባሹ ሁለት ጊዜ ጎንበስ ቀና አለ። ምን ሆነ ብዬ ቆምኩ። በኋላ በስልክ ስጠይቀው «ሰላምታ ነዋ! ሙስሊም ያለ ሰላምታ ይደባደባል እንዴ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሕጋችን ሆነ። ጎንበስ ቀና፣ ጎንበስ ቀና፤ አሰላሙ አለይኩም። እኔም እንዲያው እመልሳለሁ። ከዚያ በኋላ ነው ድብድቡ። አንዳንድ ቀን ሰላምታውን ብቻ ተለዋውጠን፣ ደክሞን፣ ሁለቱም ጀግኖች ቆመው ሲተያዩ ሰዓቱ ያልቃል። ለእኔ እሱ ቀን ከሁሉም ይበልጥብኝ ነበር።

አምና ማሽላ ሲታጨድ ግን ሰላምታው ቆመ። ጎንበስ ቀና ስል ካባ ለባሹ እየበረረ መጥቶ ደረቴን አለኝ። ቀልድ መሰለኝ። በማግስቱም እንደዚያው፣ በሳልስቱም። ልብ በሉ፣ እኛ አገር ሰላምታ መንሳት ቀላል ነገር አይደለም። በድንበር የተካሰሱ ሰዎች እንኳ ፍርድ ቤት በር ላይ ሲገናኙ ሰላም ይባባላሉ፤ ሰላምታ የነሳ ሰው ቆርጧል ማለት ነው። ሙስሊም ለሙስሊም ከሦስት ቀን በላይ መኮራረፍ እንደማይፈቀድለት ደግሞ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ሦስቱን ቀን ጠበቅሁት። ከዚያ እኔም ተውኩት። ጌሙን የምከፍተው ለመምታት ብቻ ሆነ። ሹሩባዬን አወናጭፌ ካባውን አንቄ መሬት ለመሬት ስጎትተው አንጀቴ ይርስ ነበር። ለዒድ በስልክ ሲደውል አላነሳሁለትም፤ በጌም ሰላምታ የነሳኝ ሰው በስልክ ምን ሊለኝ ነው? ደግሞ ደወለ፣ ደግሞ አላነሳሁም። ከዚያ እሱም ተወው። ሰው «ሌላ አግብቶ ይሆናል» ይለኝ ጀመር። እኔም ለአጎቴ «ይበቃኛል» አልኳቸው።

ዓሪፍ ከመደርደሪያው ላይ የኔኑ አምሳያ አወረደ። «ከሌላ ዕቃ ጋር መገናኘቱን ሳላይ አልገዛም» አለና የሱቁን ዋይፋይ አስገባልኝ። እሱ አንድ በራሪ ጎረምሳ መረጠ፤ እኔ ባለ ሹሩባዋን። ገጠምን። ሁለት ሦስት ቡጢ እንደተለዋወጥን አንዲት ሴትዮ የስልክ ቻርጀር ልትገዛ ገባችና ዓሪፍ የእሱን ዕቃ አጥፍቶ ወደሷ ዞረ።

የእሱ ጎረምሳ ግን እኔን መምታቱን አላቆመም።

«ዓሪፍ!» አልኩት፤ «አጥፍተኸው የለም እንዴ? ይኸው እየመታኝ ነው እኮ!»

«አዎ፣ እንደዚያ ነው» አለ ቻርጀሩን በወረቀት እየጠቀለለ። «አንዱ ሲወጣ ወይም ኔትወርክ ሲቋረጥ ጨዋታው አይቆምም። ማሽኑ በሰውየው ቦታ ገብቶ ይጫወታል። ስሙም መልኩም እንደነበረ ነው። አይነግርሽም። ከስሙ ጎን ይቺን ብቻ ነው የሚያወጣልሽ» ብሎ በጥፍሩ አሳየኝ።

ዙሪያዋን ጥርስ ያላት፣ የሰዓት ሆድ ዕቃ የመሰለች ትንሽ ክብ ናት።

አውቃታለሁ። ከአምና ማሽላ አጨዳ ጀምሮ ከዛኪር ስም ጎን ተለጥፋ ስትታየኝ ከርማለች። ማዕረግ ጨምሮ መስሎኝ ነበር። እንዲያውም የጠገበው ለዚህ ነው፣ ማዕረግ ሲሰጡት ሰላምታ ናቀ ብዬ ነበር። መርሳ ላይ ኔትወርኩ ታሞ፣ ብልጭ ድርግም ማለት የጀመረውም ያኔውኑ ነው። ስሙ ብልጭ ይላል፣ ተገናኝተናል ብዬ ጎንበስ ስል ኔትወርኩ ይሄዳል፣ ከዚያ የሚመታኝ ማሽኑ ነው። ማሽን ሰላምታ ከየት ያውቃል?

ስንት ወር ሙሉ ማንም ያልሆነ ነገር ላይ ስቆጣ ከርሜአለሁ። አሁን ደግሞ በዚህ ማንም ባልሆነ ነገር ጥፋት አጎቴ ግራና ሄደዋል።

ስልኬን አውጥቼ ደወልኩላቸው። ዝግ ነው። አብዱልሐሊም ሽምግልና ሲሄዱ ስልካቸውን ይዘጋሉ፤ ነገር መሃል የሚጮህ ስልክ ነገር ያበላሻል ይላሉ። አብረዋቸው ለሽምግልና የሄዱትን የጎረቤታችንን የጋሽ በላይንም ሞከርኩ፤ እሳቸውም ከአጎቴ ተምረው ዘግተዋል። ጌሙን ከዓሪፍ እጅ ነጠቅሁት።

«አትሸጪም እንዴ?» አለኝ። ከሱቁ ወጥቼ ወደ መነኸሪያው ሮጥኩ።

ሚኒባሱ እስኪሞላ መጠበቅ የሚባለውን ነገር ያን ቀን ጠላሁት። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል፤ አንድ ሰው ሲገባ ሌላ አንድ ሰው ይጎድላል። መርሳ ደርሼ ወደ ግራና የሚወጣ ባጃጅ ይዤ፣ አቧራውን እየዋጥኩ፣ እዚያ ምን እንደማገኝ ሳስብ ነበር። አጎቴ ንግግራቸው አጭር ነው። «ይፍታልን» ካሉ አሉ ነው፤ አንዴ ሽማግሌ ፊት የወጣን ቃል ደግሞ ማንም አይመልሰውም። ዛኪርም ኩሩ ነው። በሽማግሌ ፍታኝ ያለችውን ሴት አንድ ቀን አያስቆያትም። ያለቀሰ እንደሆነም ፈትቶ ነው የሚያለቅሰው።

የዛኪር እናት እማማ አሲያ ግቢ ስደርስ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች። በሩ ክፍት ነው። ያየሁትን ማመን አቃተኝ።

አጎቴ አብዱልሐሊም ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ግቢው መሃል ቆመዋል። ጋሽ በላይ ከጎናቸው በዱላቸው ተደግፈው ቆመዋል። እማማ አሲያ በረንዳው ላይ ቆመዋል። ከኋላቸው ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ማዕድ በሰፌድ ተከድኖ ይጠብቃል።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ይላሉ አጎቴ። የሽማግሌ ደንብ ነው፤ ለከባድ ጉዳይ የመጣ ሽማግሌ ቃሉን ሳያደርስ አይቀመጥም፣ እህል አይቀምስም።

«ቁጭ ሳትሉ እኔ ጆሮ የለኝም» ይላሉ እማማ አሲያ። የመጡበትን ጉዳይ ገና ከበር አውቀውታል። እንግዳ ካልተቀመጠላቸው አልሰማም ማለት ደግሞ የእሳቸው መብት ነው። እና ሦስቱ አዛውንቶች ከረፋድ ጀምረው፣ ሶላት ሲደርስ ብቻ እያቋረጡ፣ ፀሐይ ላይ ተፋጠው ቆመዋል። ጋሽ በላይ ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

«ተመስገን! ልጅቱ መጣች። አብዱልሐሊም፣ እኔ ጉልበቴ አልቋል እኮ።»

«አጎቴ፣ ነግረዋቸዋል?» አልኩ እያለከለክሁ።

«መች አስነገሩኝ!» አሉ በምሬት። «ይኸው እንደ ምሰሶ ተክለውኛል።»

አላህን አመሰገንኩት። ከዚያ ሁሉንም ተረኩላቸው፤ ኔትወርኩን፣ ማሽኑን፣ ጥርስ ያላትን ክብ። ጌሙን አውጥቼ አሳየኋቸው። አጎቴ ጌሙን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያዩት። ነገሩ ግማሹ እንዳልገባቸው ገብቶኛል። እማማ አሲያ ግን በረንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉት።

«ይሄ ነው እንዴ?» አሉ። «ልጄ ያለው ይሄን ነው እንዴ?»

«ዛኪር ምን ብሎዎት ነበር?» አልኳቸው።

«‹እማ፣ ለይላ ሰላምታ ነሳችኝ› አለኝ። ‹ሁሌ ጎንበስ ብዬ ሰላም እላታለሁ፣ እሷ ግን ጎንበስ እንዳልኩ ትመታኛለች› አለኝ። እኔማ ምን ልበል? ‹አንተ ጅዳ፣ እሷ መርሳ፤ በየት እጇ ነው የምትመታህ?› አልኩት። ጅን ተጠግቶት ይሆን ብዬ ሰው ለምኜ ቁርአን አስቀራሁለት። ‹በቃ ተዋት፣ ሰላም አትበላት› ስለው እንኳ እምቢ አለኝ። ‹ሰላምታ አይቆረጥም እማ፣ አንድ ቀን ትመልስልኝ ይሆናል› አለኝ። አሁንም አልተወም፣ በየቀኑ ይላል መሰለኝ።»

እኔም በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። ሚኒባስ ውስጥም ባጃጅ ውስጥም ሳሰላስል የነበረው በእኔ በኩል ያለውን ብቻ ነው። ኔትወርኩ ሲሄድ ከሁለታችንም ዘንድ እንደሚሄድ አላሰብኩም። እሱ ጋም ማሽኑ እኔን ሆኖ፣ ሹሩባዬን ለብሶ፣ ጎንበስ ባለ ቁጥር ሲገርፈው ከርሟል። ልዩነታችን አንድ ነው። እኔ ሦስት ቀን ጠብቄ ተውኩት። እሱ አልተወም። አፈርኩ፤ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

እማማ አሲያ ምንም ሳይናገሩ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልካቸውን አወጡና በኢሞ ደወሉ። ጮኸ። ቆየ። ሲነሳ ስልኩን እጄ ላይ አኖሩት።

«እማ» አለ የዛኪር ድምፅ። ድምፁን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ።

«አሰላሙ አለይኩም» አልኩት።

ዝም አለ። ዝምታው የኔትወርኩ ይሁን የእሱ መለየት አልቻልኩም። ስልኩ ላይ ምንም ምልክት የለም። ዘግቶብኝም ቢሆን አላውቅም፤ ቢያለቅስም አላውቅም። እዚያ ዝምታ ውስጥ ከወልድያ እስከ ግራና ከተጓዝኩት የበለጠ መንገድ ሄድኩ።

«ወአለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ» አለ፤ ሙሉውን፣ አንዲት ቃል ሳያስቀር። ከዚያ «ለይላ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ጎንበስ ስልልሽ ለምን ነው የምትመቺኝ?»

ሰውን በቁመት የሚበልጥ ትልቅ ወንድ ነው፤ ድምፁ ግን ጓደኞቹ ያኮረፉት ልጅ ድምፅ ነበር። እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ።

«እኔ አልነበርኩም ዛኪር። ኔትወርኩ ሲቋረጥ ማሽኑ በእኛ ቦታ ይገባል። አንተ ጋ እኔ አልነበርኩም፤ እኔም ጋ አንተ አልነበርክም።»

«ታዲያ ማን ነበር?»

«ማንም።»

እንደገና ዝም አለ። እንደ ድሮው፣ ካርድ ሞልተን እንደምንሰማው ዝምታ።

«ግን አንተ አላቆምክም» አልኩት። «እኔ አቁሜ ነበር።»

«አሁን ጀመርሽ አይደል?» አለ። ቀጥሎ ድምፁ ዝቅ አለ፤ «ደክሞኛል ለይላ።»

«እኔም።»

«ለዒድ እመጣለሁ።»

እንደማይመጣ አውቃለሁ፤ እሱም ያውቃል። እሺ አልኩት። ሁለታችንም ስልኩን ጆሯችን ላይ አድርገን፣ ምንም ሳንል፣ ቆየን።

ቀና ስል አጎቴ አብዱልሐሊም ወደ ምንጣፉ መጥተዋል። ቀኑን ሙሉ የቆመ ጉልበታቸው እምቢ አላቸው። ጎንበስ አሉ፣ ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ፤ ደግሞ ጎንበስ አሉ፣ ደግሞ ቀና አሉ። ልክ እንደ ካባ ለባሹ ነበሩ። ሳቄና ልቅሶዬ ባንድ ላይ መጡብኝ፤ ዛኪር ከወዲያ «ምን ሆንሽ?» ይለኛል።

በሦስተኛው ተቀመጡ። እማማ አሲያ ሰፌዱን ከማዕዱ ላይ አነሱ።

«በላይ» አሉ አጎቴ ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ እየሰበሰቡ፤ «ምን ልንል ነበር የመጣነው?»

ጋሽ በላይ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው በቀስታ አጠገባቸው ተቀመጡ።

«እኔ እንጃ» አሉ። «ሰላም ልንል መሰለኝ።»